ዳገቱ ነገም አለ፦ ለብዙ ቀን የብስክሌት ጉዞ ስለመዘጋጀት

እንደምን አመሻችሁ። ብስክሌት ይዞ ለአምስት ወይም ለስድስት ቀን ሊወጣ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይታወቃል። «በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ይላል። እኔ ደግሞ መልሼ «ስንት ሜትር ሽቅብ አለው?» እላለሁ። ሜዳ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ደህና ቀን ነው፤ ማታ ወግ ለማውራት አቅም ይተርፋል። 2,000 ሜትር ሽቅብ ያለበት 100 ኪሎ ሜትር ግን ሌላ ነገር ነው። ሌላ ማርሽ፣ ሌላ ምግብ፣ ሌላ ልብስ ይፈልጋል።

ሐሳቤን ቀድሜ ልንገራችሁ፣ በኋላ ትሟገቱኛላችሁ። ለብዙ ቀን ዳገት ስንዘጋጅ ትልቁ ሥራ ከምንችለው በታች ቀስ ብሎ መውጣትን መልመድ ነው። ጉልበት ማበርታቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የአንድ ቀን ውድድር ከሆነ ያለንን ሁሉ አቀበቱ ላይ አራግፈን ማታ ብንዘረር ችግር የለውም። እዚህ ግን ጠዋት ስንነሳ ሌላ ዳገት አለ። የማርሹም፣ የልምምዱም፣ የምግቡም ጉዳይ ወደዚሁ ነው የሚያመራው።

መንገዱን ከመነሳት በፊት ማንበብ

ካርታው ላይ የቀኑን ሽቅብ ከኪሎ ሜትሩ ጋር አያይዛችሁ እዩት። በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ 500 ሜትር ሽቅብ ብቻ ካለ ሜዳ ነው በሉት። 1,000 ሲደርስ መንገዱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ማርሽ ስትቀያይሩ ትውላላችሁ። 2,000 ካለፈ ተራራ ነው፣ በቃ። ይህ ግምት እንጂ ሕግ አይደለም። ግን የጉዞውን ቀኖች እርስ በርስ ለማወዳደር ይበቃል። የትኛው ቀን ከባድ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ደግሞ ከዚያ በፊት ባለው ቀን ራስን ለመግታት ይረዳል።

ቀጥሎ ሽቅቡ እንዴት እንደተከፋፈለ እዩ። 1,500 ሜትር በአንድ ረጅም አቀበት ሲመጣና በ30 አጫጭር ጉብታ ተሰባብሮ ሲመጣ እኩል አይደለም። ረጅሙ አቀበት አንድ አካሄድ ያስይዛችኋል፤ ትንፋሻችሁን አግኝታችሁ ትቀጥላላችሁ። ጉብታዎቹ ግን እያንዳንዳቸው «ይቺንማ በአንድ ትንፋሽ!» ያሰኛሉ። በአንድ ትንፋሽ 30 ጊዜ ከተወጣ በኋላ ማታ እግራችሁ የማን እንደሆነ አታውቁትም። እኔ በግሌ ከጉብታ ተራራ እመርጣለሁ። ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ።

የዳገት ጥንካሬ በመቶኛ ነው የሚነገረው። 8 በመቶ ማለት በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ ማለት ነው። እዚህ ላይ አማካይ የሚባለውን ቁጥር በጣም አትመኑ። ፈረንሳይ ያለውን ሞን ቫንቱ የሚባለውን ተራራ ውሰዱ። ቤዱዋን ከምትባለው መንደር ሲወጣ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አማካዩም 7.5 በመቶ አካባቢ። ያስፈራል ግን የሚቻል ይመስላል። ችግሩ የመጀመሪያዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች ለስላሳ ናቸው። ከዚያ መንገዱ ጫካ ውስጥ ይገባና 9 እና 10 በመቶ ላይ ለብዙ ኪሎ ሜትር ሙጭጭ ይላል። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው በለስላሳው ክፍል ተታሎ ይፈጥንና ጫካው ውስጥ ዋጋውን ይከፍላል። እዚያው ፈረንሳይ ያለው አልፕ ዱዌዝ የሚባለው አቀበት ደግሞ ግልባጩ ነው። 13.8 ኪሎ ሜትር፣ 21 ጥምዝ፣ አማካይ 8.1 በመቶ። ግን ከባዱ ቦታ ገና ሲጀመር ነው፤ መግቢያው ላይ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። እግር ትኩስ፣ ልብ ሞቅ ያለ፣ ዳገቱ ደግሞ ቀጥ ያለ። ሰው የሚቃጠለው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ አማካዩን ተዉትና የአቀበቱን ቅርጽ፣ ማለትም ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር የተሣለውን መስመር ተመልከቱ። ከባዱን ሁለት ኪሎ ሜትር በወረቀት ጻፉና መሪው ላይ ለጥፉት። ያረጀ ዘዴ ነው፣ ግን ባትሪ አይጨርስም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት አፕሊኬሽን ለአንድ መንገድ የተለያየ ሽቅብ ቢነግራችሁ አትደንግጡ። ከካርታ የሚሰላው ቁጥር ዋሻና ድልድይ ያደናግረዋል። መንገዱ በዋሻ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ተራራውን አናቱ ላይ የወጣችሁ ይመስለዋል። ድልድይ ላይ ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ወርዳችሁ የወጣችሁ ያስመስለዋል። በአየር ግፊት የሚለካው መሣሪያም የራሱ ጣጣ አለው፤ የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ ቁጥሩም አብሮ ይንሸራተታል። በመቶ የሚቆጠር ሜትር ልዩነት ቢኖር የተለመደ ነው። ከፍተኛውን ቁጥር ይዛችሁ ብትዘጋጁ የምትጎዱት ነገር የለም።

ትንሽ ስሌት

ስሌት የማይወድ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ይታገሠኝ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ብስክሌትና ሻንጣ ይዞ፣ በጠቅላላው 85 ኪሎ፣ 1,000 ሜትር ከፍታ ሲወጣ የመሬት ስበትን ለማሸነፍ ብቻ 834 ኪሎ ጁል ያወጣል። ሰውነት ከሚያቃጥለው ጉልበት ፔዳሉ ጋ የሚደርሰው ሩብ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይበናል። ስለዚህ እያንዳንዱ 1,000 ሜትር ሽቅብ ከ800 እስከ 1,000 ኪሎ ካሎሪ ይበላል፣ ያውም ወደፊት ለመሄድ ከሚያስፈልገው ሌላ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ስለ ምግብ ስናወራ እንመለስበታለን።

አሁን ሰዓቱን። ይህ ሰው በሰዓት 500 ሜትር ከፍታ ቢወጣ፣ የጎማው ግጭት ተጨምሮ ከ125 እስከ 130 ዋት ያህል ያወጣል። ይህ ደህና ለተለማመደ ተራ ብስክሌተኛ ለሰዓታት የሚያዝ ጉልበት ነው። በሰዓት 800 ሜትር ልውጣ ቢል ግን 200 ዋት አካባቢ ይጠየቃል። እሱ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ቀናችሁን ስታቅዱ በኪሎ ሜትር ፍጥነት አትገምቱ። ዳገቱን በሰዓት 500 ሜትር፣ ወይም ሻንጣ ከበዛ 400 ሜትር ብላችሁ አስሉት። 1,500 ሜትር ያለበት ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ መውጣት ብቻ ነው። አልፕ ዱዌዝን ምርጦቹ ፕሮፌሽናሎች 40 ደቂቃ አካባቢ ይጨርሱታል። በእኛ ስሌት ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። እና ምን ይጠበስ? ሁለት ሰዓት ከሩብ ብሎ አቅዶ የገባ ሰው ሲወጣ አይናደድም።

ማርሽ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከዝግጅቱ ሁሉ በገንዘብ የሚገዛ ትልቁ እርዳታ ይኸው ነው።

የማርሽ ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ከኩራት ጋር የተጣበቀ ነው። የፈረንሳይ ዙር ውድድርን የመሠረተው ሄንሪ ዴግራንዥ ማርሽ መቀያየር በዕድሜ ለገፋ ሰው ነው የሚል አቋም ነበረው። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1910 ቱርማሌ የሚባለውን 2,115 ሜትር ከፍታ ያለው መተላለፊያ ሲወጣ ተወዳዳሪዎቹ እንደዛሬው ማርሽ የሚቀይር መሣሪያ አልነበራቸውም። የኋላ ጎማቸው በግራና በቀኝ የተለያየ ጥርስ ነበረው። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ወርደው ጎማውን ይፈቱና ገልብጠው ያስሩታል። ማርሽ ቀያሪው በዚያ ውድድር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ያ ኩራት ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። «ከኋላ ትልቁን ጥርስ የሚያስገባ ደካማ ነው» የሚል ሰው አሁንም በየቡድኑ አታጡም። አትስሙት።

ቁጥሩን እንየው። ያው 85 ኪሎ፣ ያው 130 ዋት፣ ዳገቱ ደግሞ 10 በመቶ። በዚህ ጉልበት ፍጥነቱ በሰዓት 5.3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ማርሹ ምንም ይሁን ምን ይኸው ነው። ማርሹ የሚወስነው እግራችሁ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው። ከፊት 34 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 28 ከሆነ በደቂቃ 34 ዙር ትዞራላችሁ። ይህ ፔዳል መምታት አይባልም፣ ደረጃ መውጣት ነው። ከኋላ 34 ጥርስ ብታደርጉ 42 ዙር። ከፊት 30፣ ከኋላ 36 ከሆነ 50 ዙር። ከፊት 32፣ ከኋላ 51 ጥርስ ያለው የተራራ ብስክሌት ማርሽ ከሆነ ግን 66 ዙር። ጉልበቱ አንድ፣ ፍጥነቱ አንድ። ግን 34 ዙር የሚዞረው ሰው በእያንዳንዱ ምት ጉልበቱ ላይ፣ ጉልበት ስል መገጣጠሚያውን ማለቴ ነው፣ 66 ከሚዞረው ሰው እጥፍ ገደማ ይጫናል። ለአንድ አቀበት ይቻላል። ለአምስት ቀን ግን በሦስተኛው ቀን ጉልበቱ «በቃኝ» ይላል።

ታዲያ ምን ላድርግ ካላችሁ፣ ከኋላ ያለው ትልቁ ጥርስ ከፊት ካለው ትንሹ ጋር እኩል ወይም ከእሱ የሚበልጥ ይሁን። ሻንጣ የምትጭኑ ከሆነ በደንብ ይብለጥ። ብስክሌታችሁ ምን ያህል ትልቅ ጥርስ እንደሚቀበል የሚጠግን ሰው ጠይቁ፤ የማርሽ ቀያሪው ክንድ ርዝመት ገደብ አለው፣ ካቴናውም አብሮ መርዘም ሊኖርበት ይችላል። ይህን ሥራ ደግሞ ለጉዞው ዋዜማ አታስቀሩት። አዲስ ማርሽ ከገጠማችሁ በኋላ እውነተኛ ዳገት ላይ፣ እውነተኛ ጭነት ይዛችሁ፣ የመጨረሻውን ቀላል ማርሽ ደጋግማችሁ ሞክሩት። ቀያሪው በትክክል ካልተስተካከለ ካቴናው ከትልቁ ጥርስ አልፎ ወደ ሽቦዎቹ ይወድቃል። ያ ነገር ዳገት መሃል ሲሆን ጉድ ነው።

አንድ ልማድ ደግሞ ከአሁኑ ያዙ። ማርሽ ቀድማችሁ ቀይሩ። ዳገቱ ከያዛችሁ በኋላ በሙሉ ጉልበት እየረገጣችሁ ስትቀይሩ ካቴናው ይንገጫገጫል፣ ሲከፋም ይበጠሳል። ከመቀየራችሁ በፊት ለግማሽ ዙር እግራችሁን ለስለስ አድርጉ።

ልምምዱ

ሦስት ወር ካላችሁ በቂ ነው። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ንዱ። አንዱ ረጅም ይሁን። አንዱ ዳገት ይሁን። የቀሩት ቀላል ይሁኑ፣ በእውነት ቀላል። የዳገቱ ቀን ላይ በ10 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ጀምሩና ቀስ በቀስ ወደ 20 ደቂቃ ሁለት ጊዜ አድርሱት። ፍጥነቱ እንዴት ይለካል? አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር የምትችሉበት፣ ረጅም ታሪክ ማውራት ግን የማትፈልጉበት ልክ ነው። ዋት የሚለካ መሣሪያ ያለው ይጠቀም፤ የሌለው ምንም አልጎደለበትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ልምምድ ግን ሁለት ተከታታይ ቀን መንዳት ነው። ቅዳሜ ረጅም ከዳገት ጋር፣ እሑድም እንደገና። የእሑዱ ነው ትምህርቱ። እሑድ ጠዋት ኮርቻው ላይ ስትቀመጡ የት እንደሚያም ታውቃላችሁ። ቅዳሜ ምን ያህል መብላት እንደነበረባችሁም እግራችሁ ይነግራችኋል። በሁለቱ ቀን ተደምሮ የጉዞውን ከባድ ቀን ሽቅብ ያህል ብትወጡ ጥሩ ነው። ይህን ሁለት ወይም ሦስት ቅዳሜና እሑድ ካደረጋችሁ ይበቃል፤ የመጨረሻው ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ይበል። በመጨረሻው ሳምንት እጅግ አሳጥሩት። በዚያ ሳምንት የምትሠሩት ልምምድ ጉዞው ላይ አይደርስላችሁም፣ ድካሙ ግን ይደርሳል።

«የምንኖርበት ሜዳ ነው» የሚል ሁልጊዜ አይጠፋም። መልሱ አንደኛ ነፋስ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ እንደ ዳገት ዕረፍት አይሰጥም። ሁለተኛ ቤት ውስጥ ብስክሌቱን አቁሞ የሚረገጥበት ማቆሚያ ካለ የፊት ጎማውን ጠንካራ ነገር ላይ ከፍ አድርጉና በትንሹ የፊት ጥርስ፣ በዝግታ ንዱ። ከፍ ማድረጉ ጡንቻ አይጨምርም። ግን በዳገት ላይ ክብደታችሁ ኮርቻው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ፣ ወገባችሁም እንዴት እንደሚያዝ ያለማምዳል። ትንሹ ጥርስ ደግሞ በዳገት ላይ ያለውን፣ እግር ቶሎ ካልደገመ የሚቆመውን አረጋገጥ ያመጣዋል።

ሦስተኛ፣ አንድ ትንሽ ጉብታ ካለ ያው ዳገት ነው። 60 ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ አሥር ጊዜ ሲወጣ 600 ሜትር ነው። በኤቨረስት ላይ የጠፋው የእንግሊዛዊው ተራራ ወጪ የጆርጅ ማሎሪ የልጅ ልጅ፣ ስሙም ጆርጅ ማሎሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 አውስትራሊያ ውስጥ ዶና ቡዋንግ የሚባለውን ተራራ በብስክሌት ስምንት ጊዜ እየደጋገመ የኤቨረስትን ከፍታ ያህል፣ 8,848 ሜትር፣ ወጥቷል። ለኤቨረስት እየተዘጋጀ ነበር። ዛሬ «ኤቨረስቲንግ» የሚባለው የብስክሌተኞች ፈተና ከዚያ የመጣ ነው። ይህን አድርጉ አልልም፣ በጤናችሁ። ግን አንድ ዳገት ብቻ መኖሩ ሰበብ እንደማይሆን ያሳያል። መደጋገሙ ይሰለቻል? አዎ ይሰለቻል። መሰልቸትን መቻልም የረጅም አቀበት ግማሽ ሥራ ነው።

ሻንጣ የምትይዙ ከሆነ ከልምምዱ ጥቂቱን በሻንጣ አድርጉት። ክብደት ሁሉ ከኋላ ሲሆን በጣም ቀጥ ባለ ዳገት ላይ የፊቱ ጎማ ቀልሎ ይቅበዘበዛል። ከባድ ከባዱን ዝቅ አድርጎ መጫንና ጥቂቱን ወደፊት ማምጣት ይረዳል። ወገብና ሆድ የሚያጠነክር እንቅስቃሴም በሳምንት ሁለቴ ሥሩ። ረጅም ዳገት ላይ መጀመሪያ የሚማረረው ብዙ ጊዜ እግር ሳይሆን የታችኛው ወገብ ነው።

መንገድ ላይ

አሁን ጉዞው ተጀምሯል። የመጀመሪያው ቀን ከሁሉ አደገኛ ነው፤ ሁሉም ደህና ስለሆነ። ለሳምንት ቀላል አድርጋችሁ መጥታችኋል። እግር ይቁነጠነጣል። ከፊት የሚያልፍ ሰው አለ። እዚህ ላይ ነው ቀስ ብሎ የመውጣት ልምምድ የሚፈተነው። የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ አቀበት ላይ «ኧረ ይሄ እኮ በጣም ቀላል ነው» እስክትሉ ድረስ ዝቅ በሉ። ያለፋችሁ ሰው ይለፍ። ሦስተኛው ቀን ላይ ትገናኛላችሁ።

የልብ ምት መለኪያ የምትጠቀሙ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን የልብ ምት እንደ ወትሮው አይወጣም። እግሩ እየደከመ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል። ይህን አይቶ «ገና አቅም አለኝ» ብሎ የሚጨምር ሰው አለ። ተቃራኒው ነው፤ ድካም ነው። በዚያ ጊዜ ከቁጥሩ ይልቅ ትንፋሻችሁንና እግራችሁን ስሙ።

አሁን ወደዚያ 800 እና 1,000 ኪሎ ካሎሪ እንመለስ። ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው ካርቦሃይድሬት ከ400 እስከ 500 ግራም ገደማ ነው፤ 2,000 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ማለት ነው። 2,000 ሜትር ሽቅብ ያለበት ቀን ይህን ይጨርሰዋል። ስብ ያግዛል፣ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚያግዘው። ስለዚህ በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት፣ ሆዱን ያለማመደ ሰው እስከ 90 ግራም፣ እየተበላ መሄድ አለበት። ዳገት ሲደርሱ በቅሎ ቢቀልቡ ምን ይረባል ይባላል፤ እውነት ነው። አቀበቱ ላይ ማኘክም መዋጥም ይከብዳል። ከመጀመሩ 20 ደቂቃ በፊት፣ ሜዳው ላይ ብሉ። ማታ ደግሞ ገና ልብስ ሳትቀይሩ አንድ ነገር ብሉ። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይ ነው ጡንቻ ቶሎ የሚሞላው፣ የነገው ዳገት ከዚያው ነው የሚወጣው።

ስለ ከፍታና ስለ ብርድ ባጭሩ። ከ1,500 ሜትር በላይ ላልለመደ ሰው አቅም መቀነስ ይጀምራል። 2,500 ሜትር ላይ ልዩነቱ 10 በመቶና ከዚያም በላይ ይሆናል። ፍጥነታችሁን ቀንሱ፣ ሌላ ተአምር የለውም። በዚያ ከፍታ ማደር ካለና ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ወደ ላይ አትቀጥሉ፤ ካልተሻለ ውረዱ። አየሩ ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ጣሊያን ያለው ስቴልቪዮ መተላለፊያ 2,757 ሜትር ነው፤ ሥሩ ካለችው ከፕራቶ መንደር በኩል 1,800 ሜትር ያህል ትወጣላችሁ። ሥሩ 25 ዲግሪ ከሆነ አናቱ 13 ነው፣ እናንተ ደግሞ በላብ ርሳችኋል። ስለዚህ አናት ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ጃኬት፣ ከዚያ ፎቶ። በተራራ አገር የከሰዓት ነጎድጓድም ስላለ ትልቁ አቀበት ጠዋት ቢያልቅ ይሻላል።

ቁልቁለቱ ዕረፍት አይደለም። ያ 834 ኪሎ ጁል አልጠፋም። ስትወርዱ ወደ ነፋስና ወደ ፍሬን ይሄዳል። በዝግታ፣ ፍሬን ሳትለቁ ከወረዳችሁ አብዛኛውን ፍሬኑ ይበላውና ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ቸርኬውን በሚይዝ ፍሬን ላይ ይህ ሙቀት ጎማ እስከማፈንዳት ሊደርስ ይችላል። ቀጥታው መንገድ ላይ ለቀቅ፣ ከመታጠፊያው በፊት በሁለቱም እጅ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ከዚያ እንደገና ለቀቅ። ዓይናችሁ መውጫው ላይ ይሁን። ትርፍ የፍሬን ሸራ ያዙ፤ ዝናብ ያለበት አንድ የተራራ ቀን ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል።

ከታዳሚዎች ጥያቄ

አንዲት ጠያቂ «ዳገት ላይ ቁጭ ብሎ ነው ወይስ ቆሞ መርገጥ የሚሻለው?» ብላለች። በአብዛኛው ቁጭ ብሎ ነው፤ ቆሞ መርገጥ ልብ ያስመታል። ግን በየአሥር ደቂቃው ለ20 ወይም ለ30 ምት ቁሙ። ወገብ ይፈታል፣ መቀመጫም ደም ያገኛል። ዳገት ላይ በኮርቻው ያለው ጫና ከሜዳው ይበልጣል፣ ለብዙ ቀን ሲሆን ደግሞ የመቀመጫ ቁስል ከድካም ይልቅ ሰውን ያስቀራል። ከመቆማችሁ በፊት ማርሹን አንድ ወይም ሁለት ጥርስ አክብዱት፣ አለበለዚያ እግራችሁ ባዶ ይወርዳል።

አንድ ወጣት «ቀለል ያለ ብስክሌት ብገዛ ምን ያህል ይጠቅመኛል?» ብሎ ጠይቋል። ስሌቱን እንሥራው። ከ85 ኪሎ አንድ ኪሎ ስትቀንስ 1.2 በመቶ ያህል ነው። የአንድ ሰዓት አቀበት ላይ ወደ 40 ሰከንድ። ገንዘቡን ለማርሹ አውለው። ሻንጣህን ደግሞ ማታ ፍታውና ባለፈው ጉዞ ያልነካኸውን ዕቃ አውጣ፤ ሁለት ኪሎ በነጻ ታገኛለህ።

«በቡድን ስንሄድ አብረን እንውጣ?» ለሚለው፣ አይ። ዳገት ላይ እያንዳንዱ በራሱ ልክ ይውጣ። ፍጥነቱ ዝቅ ሲል ከሰው ጀርባ መጠለል ብዙም አይረዳም። የሌላን ሰው ፍጥነት መከተል ደግሞ ፈጣኑንም ዘገምተኛውንም ያደክማል። የት እንደምትገናኙ ብቻ ተስማሙ። ቀድሞ የደረሰ ልብስ ደርቦ ይጠብቅ።

የመጨረሻው ጥያቄ «ወርዶ መግፋትስ?» የሚል ነው። ሼም የለውም። ፍጥነታችሁ በሰዓት ከ5 ኪሎ ሜትር በታች ሲወርድ መራመድም ያንኑ ያህል ያስኬዳል፣ ሌላ ጡንቻም ያሠራል። ጥምዝ ላይ ከሆናችሁና መኪና ከሌለ ግን መጀመሪያ የውጪውን ጠርዝ ሞክሩ። ውስጠኛው አጭር ቢሆንም ከውጪው ይልቅ ቀጥ ያለ ነው። እሱም ካልሆነ ውረዱ፤ 200 ሜትር ግፉና ዳገቱ ሲላላ እንደገና ውጡ። አንድ ነገር ብቻ፣ ከሶሉ በታች ወጥቶ መሬት የሚረግጥ ብረት የሌለው ጫማ አድርጉ። ጠንካራ የውድድር ጫማ አድርጎ አስፋልት ላይ መግፋት ከዳገቱ የባሰ ነው።